ማይንድ፣ ሜንስ፣ ማናስ... እና የእኛው «ምኞት»፦ አንድ ሥር ናቸው?

ጠያቂ፦ የእንግሊዝኛው ማይንድ፣ የላቲኑ ሜንስ፣ የሳንስክሪቱ ማናስ (ሁሉም «አእምሮ») ከጥንተ ሕንድ-አውሮፓዊው፣ ማለትም የእነዚህ ቋንቋዎች የጋራ ጥንታዊ ምንጭ ከሚባለው፣ *ሜን- «ማሰብ» ይወጣሉ ይባላል (ኮከቡ ቃሉ በጽሑፍ ሳይገኝ በንጽጽር የተመለሰ መሆኑን ያሳያል)። ላቲኑ ሲረባ (ሜንቲስ) «ት» ይዞ ሳለ እንግሊዝኛው «ድ»ን ከየት አመጣ? የግዕዙ ተመነየስ፣ ምኞትስ እዚህ አይገቡም?

መልስ 1፦ ማናስ ለብቻው ይቀመጥ፤ እሱ ከ*ሜኖስ ነው፣ እንደ ግሪኩ ሜኖስ («ወኔ፣ ኃይል»)። ማይንድ የመጣው ከ*ምንቲስ ነው። እዚያ አናባቢው ወድቆ «ን» ራሷ እንደ አናባቢ የቃሉን አንድ ቀለም (ክፍለ ቃል) ተሸክማለች (ሳድሳችን ለዚህ ጥሩ ይመቻል)። በሳንስክሪት «አ» ሆነች፦ ማቲ። በሊቱዌንያ «ኢን»፦ ሚንቲስ። በጎቲክ (የጠፋ ጀርማናዊ ቋንቋ) «ኡን»፦ ጋሙንድስ። ላቲን ላይ ግን መጠንቀቅ ነው፤ «ኤን» ከሙሉው *ሜን-ም ሊመጣ ስለሚችል ሜንስ ብቻውን አያስረዳም።

«ድ»ን በተመለከተ፦ በጀርማናዊ ቋንቋዎች «ት» መጀመሪያ ምላስ በጥርስ መሐል ወጥቶ ወደሚባለው ድምፅ ተለወጠች። አጽንዖቱ ከእሷ በሚቀድመው ቀለም ላይ ካልወደቀ ደግሞ ነዛሪ ትሆናለች (የድምፅ አውታር እየነዘረ ትነገራለች)፣ «ድ»ም የመጣው በዚህ መንገድ ነው፤ የቨርነር ሕግ የሚባለው ይህ ነው። በጥንታዊው ሳንስክሪት፣ በቬዳ መጻሕፍት፣ ያለው ማቲ አጽንዖቱን መጨረሻ ላይ መያዙ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ቀጥሎ በእንግሊዝኛው የመጨረሻዋ «ኢ» «ኡ»ን ወደ ፊት ሳበቻት፣ ኋላም አናባቢው ከ«ንድ» በፊት ረዝሞ «አይ» ሆነ።

መልስ 2፦ ምኞት አይገባም። ሥሩ ም-ን-ይ ነው፣ ዓረብኛው ተመና («ተመኘ») ዘመዱ ነው፤ «ን» እና «ይ» ተዋሕደው «ኘ»ን ወለዱ። ሁለት ፊደል ስለተመሳሰለ ዝምድና አይቆጠርም፣ ድምፁ በሌሎች ቃላትም በዚያው ሕግ መመላለስ አለበት። አእምሮም ከአእመረ «አወቀ» ነው፤ የተአምር ዘመድ።

በውሰት የገቡት ግን አሉ። አውቶማቲክ፦ አውቶስ «ራሱ» ሲደመር *ምንቶስ «ያሰበ»። ሞኒተርም ከላቲኑ ሞኔዎ ነው፣ «እንዲያስብ አደረገ»፣ ማለትም አስታወሰ፣ አስጠነቀቀ። ኮሜንትም ከዚሁ ቤት ነው።

መልስ 3፦ ቅጽልን ተውሳከ ግስ የሚያደርጉት የፈረንሳይኛው -ማን እና የስፓኒሹ -ሜንቴ አይዘለሉ። በላቲን ክላራ ሜንቴ «በጠራ ልቡና» ነበር፤ ሜንስ አንስታይ ስለሆነች ቅጽሉ እስከ ዛሬ በአንስታይ ይቀራል። ስፓኒሽ ሁለት ተውሳከ ግሶችን ሲያስከትል -ሜንቴን በመጨረሻው ላይ ብቻ ይቀጥላል፦ ክላራ ኢ ሌንታሜንቴ («በግልጽና በዝግታ»)።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሞኑሜንት ላይ ነው። እዚያ -ሜንት ሌላ ድኅረ ቅጥያ ነው፣ ዶክመንት ላይ ያለው ዓይነት። የ*ሜን- ልጅ ፊተኛው «ሞን» ነው።