ቡና የማይጠጣበት ቡና ቤት

ጥያቄውን ያመጣው ተርጓሚ ወዳጃችን ነው። ስለ ድሮዋ ለንደን የሚተርክ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለሰ ነው። ነጋዴው፣ የመርከብ አዛዡ፣ ጋዜጣ ጸሐፊው ሁሉ ተሰብስቦ ቡና እየጠጣ ወሬ የሚለዋወጥበትን ቤት ምን ልበለው? «ቡና ቤት» ብለው ችግር አለው ወይ?

አለው እንጂ! «ነጋዴው በየጠዋቱ ቡና ቤት ይሄዳል» ብለህ ብትጽፍ፣ አንባቢህ ሰውየው በባዶ ሆዱ ቢራ እንደሚያስከፍት ነው የሚገባው። ቡና ቤት ስሙ ነው እንጂ ከቡና ጋር ከተቆራረጠ ቆይቷል። በሩ ላይ መጋረጃ፣ ውስጥ ቀይ መብራት፣ ከባንኮኒው ኋላ የተደረደረ ጠርሙስ፣ ጓሮው ደግሞ «አልጋ አለ»። ቡና ብታዝ አይከለክሉህ ይሆናል። አስተናጋጇ ግን ቀና ብላ ታይሃለች። «ቡና ቤት ትሠራለች» የሚለው አባባልማ ከድሮም ሐሜት ነው። ስለ ሴትየዋ ሙያ ለማስረዳት ብሎ የሚናገረው ሰው አልገጠመኝም።

የሚገርመው ሌሎቹ የ«ቤት» ቤተሰቦች ቃላቸውን መጠበቃቸው ነው። ሻይ ቤት ሻይ አለ። ጁስ ቤት ጁስ አለ። ጠጅ ቤት ገብተህ ጠጅ ታጣለህ ማለት ዘበት ነው። እነዚህ ቤቶች ስማቸውን ባትሰማ እንኳ በዕቃቸው ታውቃቸዋለህ። ብርሌ ካየህ ጠጅ ቤት ነህ። አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ ክብ፣ በሁለት ጣትና በአውራ ጣት አንገቱን ይዘህ የምታነሳው። መለኪያ ከቀረበልህ ነገሩ አረቄ ነው። ጃምቦ ከሆነ ድራፍት ነው። ጠላ ቤት ደግሞ ጭራሽ ታፔላ አያሻውም። ደጁ ላይ እንጨት ይተከላል፣ እንጨቱ ጫፍ ላይ ጣሳ ይደፋል፣ አለቀ። ማንበብ የማይችለውም መንገደኛ ዘው ይላል።

ከባሕር ማዶ የመጡት ቃላት ናቸው እንደ ቡና ቤት ጠባያቸውን የለወጡት። «ሆቴል» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ምሳ ነው። አንድም አልጋ የሌለው፣ ሽሮና ጥብስ ብቻ የሚሸጥ «ሆቴል» በየከተማው ሞልቷል። አልጋ ስንፈልግ ለይተን «አልጋ ይገኛል?» ብለን እንጠይቃለን። «ግሮሰሪ»ማ ስንቱን አሳስቷል። ዋሽንግተን የኖረ ዘመድህ «ግሮሰሪ ደርሼ ልምጣ» ሲል ወተትና እንቁላል ሊገዛ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያንኑ የሚል ሰው ሁለት ድራፍት ሳይል አይመለስም። ሚስትየዋም ታውቃለች።

ለእኔ ግን የሁሉም ቁንጮ «ልኳንዳ» ነው። ጣሊያኖች «ሎካንዳ» የሚሉት አነስ ያለ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ቱርኮች «ሎካንታ» ብለው ምግብ ቤት አደረጉት። እኛ ዘንድ ሲደርስ በሬ ተሰቀለበት! አሁን ልኳንዳ ስንል የሚታየን ነጭ ጋውን የለበሰ ቆራጭ፣ ሻኛና ዳቢት፣ ሚጥሚጣና አዋዜ ነው። ማረፊያነቱ ከነጭራሹ ተረስቷል። ቁርጥ በልቶ ወንበሩ ላይ የሚያንቀላፋ ካልተቆጠረ በቀር።

ታዲያ ቡናው የት ሄደ? ግማሹን «ካፌ» ወሰደው፣ ከነማኪያቶው። ሌላው መንገድ ዳር ወጣ። ቄጠማ፣ ረከቦት፣ ከሰል፣ ዱካ። የዚህኛው ቤት ስም ደግሞ ቤት የሚባል ነገር የለውም፤ «ጀበና ቡና ጋ እንገናኝ» ነው የሚባለው። መጠጡ ራሱ የቦታ ስም ሆነ ማለት ነው። «ሻይ ቡና እንበል» የሚለውም እንዲሁ ነው። ተባብለን ተቀምጠን አንዱ አምቦ ውሃ፣ ሌላው ማንጎ ጁስ ያዛል፤ ግን ሻይ ቡና ብለናል።

እስራኤል ያሉ ወገኖች በዚህ ይስቁብናል። በዕብራይስጥ «ቤት ካፌ» ይባላል፤ ቃል በቃል የእኛው ቡና ቤት ነው። ልዩነቱ እዚያ እናትህን ይዘህ መግባትህ ነው። ቱርኮቹም «ካህቬሃኔ» ሲሉ «ሃኔ» ቤት ነው። ኢስታንቡል ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የተከፈቱት በ1550ዎቹ ነው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር። በኋላ ጋዜጣ የሚነበብባቸው መጡና «ክራአትሃኔ»፣ ማለትም ማንበቢያ ቤት ተባሉ። ዛሬ ብትገባ ካርታ ሲጫወቱ ነው የምታገኛቸው። ስምና ግብር የሚጣሉት እኛ ጋ ብቻ አይደለም።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። «ካፌ» አልወደውም። ኬክና ፍራፑቺኖ ይዞ ይመጣል፣ የ1600ዎቹ ለንደን ደግሞ እንዲያ አልነበረችም። እኔ ብሆን መጀመሪያ ሲነሳ «የቡና መጠጫ ቤት» እለውና ከዚያ በኋላ «ቤቱ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቢሆንም ማንንም አያሳስትም። የለንደኑን የቡና መጠጫ ቤት ባለቤት ኤድዋርድ ሎይድን አስበው። መርከበኞችና ነጋዴዎች እሱ ቤት እየተሰበሰቡ ነው የመርከብ ኢንሹራንስ ገበያው የተወለደው። «የሎይድ ቡና ቤት» ብትል ኢንሹራንስ የሰካራም ፈጠራ ሊመስል ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስም በ1675 እነዚህን ቤቶች ለማዘጋት ያወጀው ሴራ ይጠነሰስባቸዋል ብሎ እንጂ ስካር አስግቶት አይደለም፤ «ቡና ቤቶች ይዘጉ አለ» ተብሎ ከተተረጎመ ግን አንባቢው «ደግ አደረገ» ብሎ ያልፈዋል።

«ቡና ቤት»ን ግን አትጣለው ወንድሜ። ትረካህ ወደ 1700ዎቹ ተሻግሮ ለንደን ጂን በሚባለው አረቄ ስትሰክር፣ በየጥጉ ጂን የሚቀዳባቸው ቤቶች ይመጣሉ። ለነሱ ከዚህ የተሻለ ስም አታገኝም።