ማሪያ ጎፐርት ማየር ከኳንተም ወደ ኒውክሌር እንዴት ገባች?

ፊዚክስ ወዳድ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ግራ የገባኝ ነገር አለ። ሴትየዋ ዶክትሬቷን የሠራችው በብርሃንና በአቶም ላይ ነው (ኳንተም፣ ማለትም የጥቃቅን ቅንጣቶች ፊዚክስ)፣ ኖቤል ያገኘችው ግን በኒውክሌር፣ ማለትም በአቶም እምብርት ፊዚክስ። መሃል ላይ ምን ተፈጠረ?

የላብ ልጅ፦ እ.ኤ.አ. በ1930 ጀርመን፣ ጎቲንገን ውስጥ፣ ፊዚሲስቱ ማክስ ቦርን ዘንድ፣ አቶም ሁለት ፎቶኖችን (የብርሃን ቅንጣቶችን) በአንዴ ሊውጥ እንደሚችል በስሌት አሳየች። በሙከራ የታየው ሌዘር ከመጣ በኋላ፣ በ1961 ነው። ከዚያ አሜሪካ ሄደች፤ ባሏ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ደሞዝተኛ፣ እሷ በነፃ ሠራተኛ። ለዓመታት! ያበሽቃል እኮ።

ኒውትሮን፦ ዋናው ታሪክ ቺካጎ ነው። አርጎን ቤተ ሙከራ በትርፍ ሰዓት ስትቀጠር ኒውክሌር ፊዚክስ ብዙም አታውቅም ነበር። ከፊዚሲስቱ ቴለር ጋር ስለ ንጥረ ነገሮች አመጣጥ ስትሠራ 2፣ 8፣ 20፣ 28፣ 50፣ 82፣ 126 ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን ያላቸው ኒውክሊየሶች (የአቶም እምብርቶች) ለየት ብለው የጸኑ መሆናቸው ዓይኗ ውስጥ ገባ። ቲንን እዩት፣ 50 ፕሮቶን ይዞ 10 የተረጋጉ አይሶቶፖች (በኒውትሮን ብዛት ብቻ የሚለያዩ ዓይነቶች) አሉት። ምክንያቱ ግን አልገባትም። አንድ ቀን ፊዚሲስቱ ፌርሚ ከቢሮዋ ሊወጣ ሲል «የስፒን-ኦርቢት መስተጋብር ምልክት ይታያል እንዴ?» አላት (የቅንጣት ስፒን፣ በራሱ ላይ እንደመሽከርከር ያለ ባሕርይ፣ ከምህዋር ዙረቱ ጋር ያለው ትስስር ማለቱ ነው)፣ በቃ፣ ቁጥሮቹ ወዲያው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ይሄ ደግሞ ንጹህ ኳንተም ነው፣ ስለዚህ መንገድ ቀየረች አልልም።

የላብ ልጅ፦ ፊዚሲስቱ የንሰንም ጀርመን ሆኖ ለብቻው ደርሶበታል። በ1963 የኖቤል ሽልማቱን ግማሽ ሌላው ፊዚሲስት ዊግነር ወሰደ፣ ቀሪውን ግማሽ እሷና የንሰን ተካፈሉ።

ፊዚክስ ወዳድ፦ ተባረኩ! ከምን ልጀምር?

ኒውትሮን፦ መጀመሪያ የሃይድሮጅንን ስፒን-ኦርቢት በእጅህ አስላው። ኒውክሊየስ ላይ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክቱ ይገለበጣል፣ ጉልበቱም በጣም ይበረታል።