ስፒከር ሲገዛ ቁጥር ይታመን ወይስ ጆሮ?

ጥያቄ አቅራቢው፦ 5 ሜትር በ4 ሜትር ለሆነች ሳሎኔ ጥንድ ስፒከርና አምፕሊፋየር ለመግዛት አስቤያለሁ። አንዱ ወዳጄ «የልኬት ሠንጠረዡን ሳታይ ገንዘብህን እንዳታወጣ» ሲለኝ፣ ሌላው «ሰምተህ የወደድከውን ግዛ» ይለኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የሙዚቃ መምህሩ፦ እኔ ጆሮ ይፍረድ ባይ ነኝ። ከዓመታት በፊት ካርቶኑ ላይ 5000 ዋት ፒኤምፒኦ ተብሎ የተጻፈበት ስፒከር ገዝቼ ነበር፤ ማሲንቆው እንደ ቆርቆሮ ይንጫጫል፣ የዘፋኙም ድምፅ ከአፍንጫው የሚወጣ ይመስላል። ክራር በአጠገቡ ሲመታ የሰማ ሰው የቱ ስፒከር እውነቱን እንደሚናገር ለማወቅ የመሐንዲስ ሠንጠረዥ አያሻውም።

የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያው፦ መምህር፣ የጠቀሱት ቁጥር የሻጭ ማባበያ ነው። ፒኤምፒኦ ሁሉም የተስማማበት የአለካክ ደንብ ስለሌለው አምራቹ ያሻውን ይጽፋል፤ መታየት ያለበት መሣሪያው ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው፣ አርኤምኤስ የሚባለው ኃይል ነው። እኔ ልኬት የምለው ግን ከዚህም ያለፈ ነው። የድምፅ ተመራማሪው ፍሎይድ ቱል በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሳሉ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባካሄዷቸው ሙከራዎች፣ አድማጮች የትኛው ስፒከር እንደሚጫወት እንዳያዩ ከልለው፣ የድምፁንም ከፍታ እኩል አድርገው ያስደምጧቸው ነበር። አብዛኛው አድማጭ የመረጠው ከፊት ለፊት ሲለካ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ አንዱን ከሌላው ሳያበልጥ የሚያወጣውን፣ ወደ ጎን የሚረጨውም ድምፅ ሳይዘበራረቅ ቀስ በቀስ የሚቀንሰውን ሆኖ ተገኘ። በ1994 እ.ኤ.አ. ቱልና ባልደረባቸው ሾን ኦሊቭ አድማጮችን ስፒከሩን እያሳዩም እየከለሉም ሲፈትኑ፣ ሰዎቹ ስፒከሩን ባዩ ጊዜ የሚሰጡት ነጥብ ተለወጠ። ሠንጠረዡን የማምነው ብዙ ጆሮዎች ሳያዩ የሰጡት ፍርድ ስላለበት ነው። በሱቅ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ከፍ ተደርጎ የተከፈተው የተሻለ ይመስላል፤ ይህን የሚያውቅ ሻጭ አይጠፋም።

የሙዚቃ መምህሩ፦ የመከለሉን ነገር ተቀብያለሁ፤ እኔም በውድ ዋጋ መታለሌ አይቀርም። ነገር ግን እነዚያ አድማጮች የተቀመጡት በጠያቂው ሳሎን አይደለም።

የስቱዲዮ ባለሙያው፦ መምህሩ ትክክል ናቸው፤ ምክንያቱም ከ200 ወይም ከ300 ሄርዝ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት) ገደማ በታች የሚሰማውን ወፍራም ድምፅ በአብዛኛው የሚወስነው ክፍሉ ነው። የጠያቂው ሳሎን ርዝመትና ስፋት ብቻ በ34 እና በ43 ሄርዝ አካባቢ ባሱን ያስተጋባሉ፤ በዚህ ላይ በእኛ ቤት ልማድ ሶፋው ግድግዳ ተደግፎ ስለሚቀመጥ አድማጩ የሚቀመጠው ባሱ ከሁሉ በሚበረታበት ስፍራ ነው። ግድግዳው ኮንክሪት፣ ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ደግሞ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ የላይኛውን ድምፅ ያለዝቡታል፤ ለባሱ ግን ሶፋውን ወደፊት መሳብ ይሻላል። ስለ አምፕሊፋየሩ ብዙ አይጨነቁ፤ ለስፒከሩ የሚበቃ ኃይል ካለውና ሳይጨናነቅ ከሠራ፣ ማንም ሊሰማው በማይችለው የድምፅ መዛባት መጠን ማወዳደር ጊዜ ማባከን ነው።

ጥያቄ አቅራቢው፦ እንግዲያው በሠንጠረዥ ሦስት ጥንድ መርጬ፣ ሻጩ ከፈቀደልኝ ሁለቱን ለጥቂት ቀናት ቤቴ ወስጄ አወዳድራለሁ። ሶፋውን ስለመሳብ ግን ባለቤቴን ማስፈቀድ ይኖርብኛል።

የሙዚቃ መምህሩ፦ ቀኑን ይንገሩኝና እመጣለሁ። የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ግን እንዳይነግሩኝ።