«ለገሱ» ወይስ «ቃል ገቡ»?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የቆየ ዜና ሳገላብጥ በ2022 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ስለተካሄደው የግሎባል ፈንድ (ኤች አይ ቪን፣ ቲቢንና ወባን ለመዋጋት ገንዘብ የሚያሰባስበው ዓለም አቀፍ ድርጅት) ጉባኤ «ለጋሽ አገሮች 15.7 ቢሊዮን ዶላር ለገሱ» ይላል፣ ከነከነኝ። ለገሰ ማለት ሰጠ አይደል? ደሞ ለጋስና ለጋሽ አንድ ናቸው?

መልስ፦ አይ ወንድሜ ይለያያሉ። ለጋስ ጠባይ ነው፣ ቸር፣ የማይሰስት። ለጋሽ ግን አድራጊው ነው፣ ነገሠ ብለን ነጋሽ፣ ተኮሰ ብለን ተኳሽ እንደምንለው፣ ስለዚህ እየሰሰተ የሚሰጥም አገር ለጋሽ ይባላል። ዜናው ላይ ግን ልክ ነህ፣ ለገሱ ማለት ስህተት ነው። በየሦስት ዓመቱ መንግሥታት ይሰበሰቡና ለሚቀጥለው ሦስት ዓመት ለኤች አይ ቪ፣ ለቲቢና ለወባ ይሄን ያህል እንሰጣለን ይላሉ፣ ብሩ ግን ቀስ እያለ፣ በየአገሩ በጀት እየጸደቀ ነው የሚገባው። አሜሪካማ ያኔ በ2022 በሕጓ ከጠቅላላው መዋጮ ከ33 ከመቶ በላይ መስጠት አትችልም ነበር፣ ሌሎቹ ሁለት ዶላር ካላዋጡ የሷ አንድ ዶላር አይወጣም እንደማለት ነው። «ለመስጠት ቃል ገቡ» ነው መባል ያለበት።

ሌላ መልስ፦ ጋሼ ያሉት ላይ ልጨምር፣ ይሄ ነገር የሰዋስው ብቻ አይደለም። ቆላ አካባቢ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ጥቅምት ላይ ወባ ሲነሳ፣ ሰው ሬድዮ ላይ «ይሄን ያህል ቢሊዮን ተለገሰ» ሲባል ሰምቶ የጤና ኤክስቴንሽኗን ነው የሚይዛት፣ አጎበሩስ የት ገባ ይላታል፣ የድሮው ተቀዳዶ አልቋላ። እሷ ምን ታድርግ? ጄኔቫ ያለው የፈንዱ ካዝና ያልደረሰ ብር እንደተበላ ይቆጠርባታል። በጣም ያናድደኛል። «እርዳታ» የሚለውንም አልወደውም፣ የያኔው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን በ2001 ናይጄሪያ፣ አቡጃ ላይ ሐሳቡን ሲያነሱ፣ በ2002 ፈንዱ ሲቋቋምም የታሰበው የጋራ ካዝና ነው፣ ተቀባዩም አገር ከራሱ በጀት ለጤናው እንዲጨምር ይጠየቃል። መዋጮ ብንለው አይሻልም?

ጥያቄ፦ መዋጮ ይመቸኛል። እሺ ብሩ ካዝና ገብቶ ወደ አገር ሲላክስ ምን እንበል፣ «ተሰጠ» ነው?

መልስ፦ «ተለቀቀ» በል። ፋይናንስ ክፍል ያሉ ሰዎች «በጀቱ ተለቀቀ ወይ» ነው የሚሉት። ቃል የተገባ፣ የጸደቀ፣ የተለቀቀ፣ ሦስቱም የተለያየ ቁጥር ነው፣ ዜናው የትኛውን እንደሚያወራ ለይቶ ይጻፍ።