ሽማግሌዎቹ ወረቀት አንፈርምም አሉ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ ጣና ዳር ከሚኖረው ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የተወለድኩ ነኝ። እስካሁን እኛን ሊቀርጹ የሚመጡት ሌሎች ናቸው። ታንኳውን ቀርጸው፣ ሰውየውን ረስተው ይሄዳሉ። ስለዚህ ራሴ ልሥራው አልኩ።

ዶክመንተሪው ከጣና ዳር ደንገል አጭደው ታንኳ ስለሚያስሩ አባቶች ነው። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦታል፤ ደንገሉ ግን እየሳሳ ነው፣ ሐይቁን የወረረው የእምቦጭ አረምም አለ። ቀረጻው በአብዛኛው አልቋል።

የጨነቀኝ ሌላ ነው። ለዶክመንተሪ ፊልም ገንዘብ ለሚሰጥ፣ እንደ አምስተርዳሙ ኢድፋ በርታ ፈንድ ላለ ድጋፍ ሰጪ ማመልከት አስቤያለሁ። አንድ የሙያ ባልደረባዬ ግን የተቀረጹት ሰዎች የፈረሙበት የፈቃድ ቅጽ ከሌለህ ፊልሙን የትም አታሳየውም አለኝ። ወረቀቱን ይዤ ስሄድ አንዱ አባት፣ «ልጄ፣ ደግሞ ከዚህ ልታስነሱን ነው?» አሉኝ። አልፈርድባቸውም፤ መሬት የሌለው ሰው ፊርማ ቢፈራ ምን ይገርማል? ካሜራ ፊት መናገሩን ግን ደስ ብሏቸው ነው የሚናገሩት።

ፈቃዳቸውን በቃል፣ በምስል ቀርጬ ብይዝ ተቀባይነት አለው? ምን ምን ማለት አለባቸው? ምስክርስ ያስፈልጋል? የፈንድ ማመልከቻ ያስገባችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለ ቅጽ በቀላል አማርኛ ያላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ላኩልኝ። የውሎ አበል ልስጣቸው ወይስ ነገሩን ያበላሸዋል የሚለውም ላይ ሐሳባችሁን ብሰማ ደስ ይለኛል።