ከምልመላ ቢሮ ተነሥቶ ባለ አራት ኮከብ ጄኔራል መሆን ይቻላል?

የከዚራው (ድሬዳዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ከታላቅ ወንድሜ ጋር ስለ ፓናማ ወረራ ስንጨቃጨቅ የአሜሪካዊው ጄኔራል ማክስዌል ተርማን ስም ተነሣ። እኔ ሰውየውን የማውቀው እ.ኤ.አ. በ1989 ማብቂያ ፓናማ የገባውን ጦር በበላይነት ያዘዘና የአገሪቱን ገዥ ኖሪዬጋን ለእጅ መስጠት ያበቃ አዛዥ አድርጌ ነው። ወንድሜ ግን «የተርማን ትልቁ ሥራ ፓናማ አይደለም፤ ምልመላ ነው» ብሎ ድርቅ አለ።

እኔ ደግሞ ምልመላ ማለት ለጦር ሜዳ ያልተፈለገ መኮንን ወንበር ተሰጥቶት ጡረታውን የሚጠብቅበት ቦታ ይመስለኛል። እናታችን «መልማይ» የሚል ቃል ስትሰማ ዛሬም ፊቷ ይለዋወጣል፤ ለምን እንደሆነ በደርግ ጊዜ ወንድ ልጅ የነበረው ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። እውነት በዚህ ሥራ ሰው ስም ያተርፋል? ሠራዊት ቤት የነበራችሁ ብትነግሩኝ።

የሸዋ በሩ ጡረተኛ (ሐረር)፦
ልጄ፣ ወንድምህ ትክክል ነው። ላስታርቃችሁ አልሞክርም።

በመጀመሪያ ተርማን ከጦር ሜዳ የተገፋ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1931 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ሃይ ፖይንት በምትባል ከተማ ተወለደ። የአሜሪካኖቹን የጦር አካዳሚ ዌስት ፖይንትን አልረገጠም፤ በክፍለ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲ የኬሚካል ምህንድስና ተምሮ በ1953 መኮንን ሆነ። ቬትናም ሁለት ጊዜ ዘምቷል፤ በሁለተኛው ጊዜ የመድፈኛ ሻለቃ አዛዥ ነበር።

በ1979 የምልመላ ዕዙን ሲሰጡት ቤቱ እየነደደ ነበር። አሜሪካኖች የግዳጅ ውትድርናን ያቆሙት በ1973 ነው። ከዚያ በኋላ ወጣቱን እየለመኑ ማምጣት ነበረባቸው፤ በ1979 የምድር ጦሩ ከዕቅዱ 17,000 ያህል ሰው ጎደለው። የመጣውም ቢሆን አስተማማኝ አልነበረም። የመግቢያው ፈተና ስሌት ተሳስቶ ስለነበር ከ1976 ጀምሮ ዝቅተኛ ውጤት ያመጡት እንደ መካከለኛ እየተቆጠሩ ይገቡ ነበር። ስሌቱ ሲታረም በ1980 ከገቡት ግማሽ ያህሉ ሊቀበሉት ከሚፈቀደው የመጨረሻው ምድብ ሆነው ተገኙ። በዚያ ላይ አንዳንድ መልማዮች ኮታ ለመሙላት ሲሉ የፈተና መልስ ሲያቀብሉና ሐሰተኛ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ሲያስገቡ ተይዘዋል።

ተርማን ያደረገው ነገር ሲወራ ቀላል ይመስላል፤ የሚቆጠረውን ነገር ለወጠ። ቀድሞ መልማዩ የሚጠየቀው «በዚህ ወር ስንት አመጣህ?» ተብሎ ነበር። እሱ ኮታውን ከፋፈለው፦ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱና በፈተናው ከግማሽ በላይ ያመጡ ይህን ያህል፣ ሴቶች ይህን ያህል፣ ሌሎች ይህን ያህል። በአንዱ ረድፍ የጎደለውን በሌላው መሙላት ቀረ። ምክንያቱም ሒሳቡን ሠርቶታል፤ ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ የገባውን ውል የመጨረስ ዕድሉ ካቋረጠው እጅግ የሰፋ ነው። ትምህርቱን ያቋረጠው ብዙ ጊዜ ውትድርናውንም ያቋርጣል፤ ያኔ የሥልጠናው ወጪ ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው።

እኔ ይህን ስሰማ አንጀቴ የሚቃጠለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰው ኃይል አስተዳደር በኩል ምልምል ስረከብ የኖርኩ ሰው ነኝ። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በወረቀት ላይ መልካም ነበር፦ ከ18 እስከ 30 ዓመት፣ ስድስት ወር ሥልጠና፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት። ከታች ግን ለቀበሌውም ለገበሬ ማኅበሩም የሚወርደው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ካልሞላ ሊቀ መንበሩ ራሱ ይጠየቃል፤ ስለዚህ አፈሳ። ከገበያ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ከሠርግ ቤት ሳይቀር። መኪናው ደርሶ ስም ስጠራ አርባን ያለፈው ሰውዬ መዝገቡ ላይ ሃያ ስምንት ተብሎ ተጽፎ አገኘዋለሁ። ሳንባው የታመመ፣ ጣቱ የተቆረጠ፣ የሰው ስም ተሰጥቶት የመጣ። «ይህ አይሆንም» ብዬ ብመልሰው ቁጥሬ ይጎድላል፤ ብቀበለው ከአንድ ወር በኋላ ጠፍቷል ብዬ ሪፖርት የምጽፈው እኔው ነኝ። አጥሩ ሥር ምሳ ቋጥረው የሚጠብቁትን እናቶች አላነሣብህም።

የሳቢያን መምህርት (ድሬዳዋ)፦
ሻለቃ፣ ጽሑፍዎን በአክብሮት ነው ያነበብኩት። ነገር ግን ለአንድ ሰው ብዙ ምስጋና ሰጡ። እኔ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ፤ በዚያ ዘመን የሆነውን ሌላ ነገርም ማየት አለብን። የአሜሪካ ምክር ቤት የወታደሩን ደመወዝ እ.ኤ.አ. በ1980 በ11.7 በመቶ፣ በ1981 ደግሞ በ14.3 በመቶ ጨመረ። በ1982 ሥራ አጥነቱ ከ10 በመቶ አለፈ። ፋብሪካ ሲዘጋ ልጁ ወደ ምልመላ ቢሮ በራሱ እግር ይሄዳል። ተርማን ባይኖርስ አይመጣም ነበር?

የሸዋ በሩ ጡረተኛ (ሐረር)፦
እትዬ፣ የደመወዙን ነገር አልክድም። በባዶ እጅ ምልመላ የለም። ተርማንም ቢሆን ገንዘብ እንዲጨመር ሲሟገት ነው የኖረው።

ነገር ግን ገንዘብ ሁሉንም ሰው ይጠራል፤ የማትፈልገውንም። ተርማን የደገፈውን የኮሌጅ ገንዘብ፣ ማለት አገልግሎቱን ለጨረሰ ወታደር የኮሌጅ ወጪ የሚከፍለውን ድጎማ ይመልከቱት። በፈተናው ጥሩ ውጤት አምጥቶ ሰው የጠፋበትን የሙያ ዘርፍ፣ በተለይ የውጊያ ክፍሎችን ለሚመርጥ ልጅ ብቻ የተዘጋጀ ነበር። ኮሌጅ መግባት ፈልጎ የሚከፍለው የሌለው ልጅ ከየት እንደሚገኝ አውቆ የተጣለ መረብ ነው። በ1980 ከገቡት ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱት 54 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1985 በኋላ፣ ሥራ አጥነቱም ከቀነሰ በኋላ፣ ከ90 በመቶ አለፉ። ይህን ሥራ አጥነት ብቻውን አያመጣውም።

አለቆቹም የገባቸው ይመስለኛል፤ ወዲያው በ1981 የሠራዊቱን የሰው ኃይል በሙሉ ሰጡት። በ1983 ባለ አራት ኮከብ ሆኖ የምድር ጦሩ ምክትል ኤታማዦር ሹም፣ በ1987 የሥልጠና ዕዙ አዛዥ። ጡረታ ሊወጣ ሲሰናዳ ነው በ1989 ወደ ፓናማ የላኩት። ሚስት አላገባም፤ የበታቾቹ ከሥራ ሱሱ የተነሣ «ማድ ማክስ» (እብዱ ማክስ) ይሉት ነበር አሉ። በ1995 በደም ካንሰር ሞተ።

የከዚራው (ድሬዳዋ)፦
ሻለቃ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ ይህን ካነበበ በኋላ ምሳ ካልጋበዝከኝ ብሎ ይዞኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እዚያው ሐረር የነበረው የጦር አካዳሚ ለመኮንንነት ልጆችን ሲመርጥ እንዴት ነበር? እሱም አፈሳ ነው?

የሸዋ በሩ ጡረተኛ (ሐረር)፦
ምን አፈሳ አለው! በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ሲከፈት ያደራጁትም ያስተማሩትም ህንዳውያን መኮንኖች ነበሩ። ከየሁለተኛ ደረጃው ጎበዝ ጎበዙ ነበር የሚመረጠው፣ ትምህርቱም ሦስት ዓመት። ስለዚህ መምረጥን አናውቅም ነበር እንዳትለኝ፤ ለመኮንኑ መርጠን ለተራው ወታደር ነው መቁጠር የያዝነው። ቅዳሜ ሐረር ከመጣህ ፈረስ መጋላ ቡና እየጠጣን የቀረውን አወራሃለሁ። ወንድምህንም አምጣው፤ የምሳውን ነገር እዚያው እንጨርሰዋለን።