ለዕረፍት ሜክሲኮ ልንሄድ ነው፤ ምን እንልበስ? በጾም የትስ እንብላ?

የጅሬኗ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ለጅማ ልጆች። ዳላስ ያለችው እህቴ እናታችንንና እኔን ለሁለት ሳምንት ሜክሲኮ ልትወስደን ነው። ቪዛው ተገኝቷል፣ ትኬቱም ተቆርጧል። ታኅሣሥ 8 ሜክሲኮ ሲቲ እንገባለን፣ አራት ቀን እንቆያለን፣ ከዚያ ሜሪዳ፣ መጨረሻ ላይ ካንኩን ባሕሩ ጋ።

ሁለት ነገር አስጨንቆኛል። አንዱ ልብስ ነው። እህቴ «ሙቀት ነው፣ ቀለል ያለ ነገር ያዙ» ትለናለች። በስልኬ ሳየው ግን ሜክሲኮ ሲቲ ሌሊቱን 7 ዲግሪ ይላል። ማንን ልመን? ሐሙስ ዕለት ሄርማታ ገበያ ወርደን እናቴ ስስ ቀሚስ እያነሳች፣ እኔ ሹራብ እያነሳሁ፣ ሳንስማማ ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ሁለተኛው ምግብ ነው። ጾመ ነቢያት ላይ ነን። እናቴ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ቀርቶ ዓሣም አትቀምስም። በሰው አገር ሁለት ሳምንት ሙዝና ዳቦ እየበላች እንድትከርም አልፈልግም። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ከአገር የምትወጣው፣ ደስ እንዲላት ነው የምፈልገው። ሄዳችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

የመንቲና ልጅ፦

እንኳን ደስ አላችሁ እህቴ። ሜክሲኮ ሲቲ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

እህትሽም ስልክሽም ልክ ናቸው። እህትሽ ካንኩንን አስባ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ነው ያለችው፣ ከጅማ ትበልጣለች፣ ወደ አዲስ አበባ ትጠጋለች። የታኅሣሥ አዲስ አበባን አስቢ። ጠዋት ብርዱ ይቆነጥጣል፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ወዲያው ይቀዘቅዛል። እኔ የገባሁ ዕለት ማታ በቲሸርት ብቻ እራት ፍለጋ ወጥቼ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነው የተመለስኩት። አብዛኞቹ ቤቶች ማሞቂያ የላቸውም፣ ውጭ ያለው ብርድ ቤትም ውስጥ አለ። ስለዚህ የሚደራረብ ልብስ ያዙ፦ ከሥር ቀለል ያለ፣ ከላይ ሹራብ፣ ለማታ ጃኬት። ለእናትሽ ጋቢ ይከብዳቸዋል፣ ነጠላ ወይም ኩታ ግን አይርሱ። እዚያም ሴቶቹ ሬቦሶ የሚሉት ረጅም መደረቢያ አላቸው፣ ልክ እንደ ነጠላ ትከሻ ላይ ጣል ያደርጉታል፣ ልጅም ያዝሉበታል። እናትሽ ነጠላ ለብሰው ቢሄዱ የሚያፈጥባቸው የለም፣ እንዲያውም «ኬ ቦኒቶ» ይሏቸዋል፣ እንዴት ያምራል ማለት ነው።

ቁምጣ ለካንኩን አቆዪው። ሜክሲኮ ሲቲ ትልልቅ ሰዎች ቁምጣ ለብሰው ብዙ አታዪም። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ትከሻችሁ ይሸፈን።

ጫማ ላይ አደራ። ከተማው የተሠራው በደረቀ ሐይቅ ላይ ስለሆነ መሬቱ እየሰመጠ ነው፣ መሀል ከተማ ሕንጻዎቹ ዘመም ብለው ነው የሚታዩት፣ የእግረኛው መንገድም ወጣ ገባ ነው። ቀን ሙሉ በእግር ነው የምትሄዱት። አዲስ ጫማ ገዝታችሁ በቀጥታ እንዳትሄዱ፣ ከአሁኑ እያደረጋችሁ አለማምዱት።

ሜሪዳና ካንኩን ሌላ አገር በያቸው። ጥጥ፣ ሰፋ ያለ ቀሚስ፣ ባርኔጣ። ሴኖቴ የሚባሉ ከመሬት በታች ያሉ የውኃ ገንዳዎች አሉ፣ እንዳያመልጧችሁ። ከመግባታችሁ በፊት ሻወር ውሰዱ ይሏችኋል፣ የፀሐይ ክሬም ተቀብቶ መግባትም ብዙ ቦታ ክልክል ነው፣ ውኃው እንዳይበከል። ስለዚህ ፀሐይ የሚከላከል እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ይሻላል።

ኡሙ ሐናን፦

ወንድማችን ስለ ልብስ ጨርሶታል፣ እኔ ስለ ምግብ ልበል። እኔና ባለቤቴ በሥራ ምክንያት ስድስት ወር ቆይተናል። ሙስሊም ነኝ፣ ግን ያንቺ ጭንቀትና የኔ ጭንቀት አንድ ቦታ ይገናኛል። እሱም «ማንቴካ» ነው። የአሳማ ስብ ማለት ነው። ይህን ቃል ከሁሉ በፊት አጥኚ።

ያለ ሥጋ ነው ብለሽ የምታዢው የተፈጨ ቦሎቄ ብዙ ጊዜ በማንቴካ ይጠበሳል። በበቆሎ ሽፋን ቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስለው ታማል ሊጡ በማንቴካ ነው የሚለወሰው። ሩዙም በዶሮ መረቅ ሊበስል ይችላል። ቶርቲያ የሚሉት ስስ ቂጣ አለ፣ የስንዴው ያው ነው፣ ማንቴካ ይገባበታል። የበቆሎው ቶርቲያ ግን በቆሎ፣ ውኃና ኖራ ብቻ ነው፣ ሁለታችንም በሰላም የምንበላው እሱ ነው። እንደ እንጀራ እየቆረሱ ያጠቅሱበታል፣ እናትሽ ወዲያው ይለምዱታል።

«ጾመኛ ነን» ብትዪ አይገባቸውም። «ቬጌታሪያና» ብትዪ አይብ ይጨምሩልሻል። በዝርዝር ተናገሪ፦ ሲን ካርኔ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ክሬማ፣ ሲን ዌቮ፣ ሲን ማንቴካ። ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ፣ ያለ ክሬም፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ስብ ማለት ነው። እኔ በወረቀት ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር የምዞረው፣ አንዲትም ሴት ተቆጥታኝ አታውቅም።

ለሙስሊም እህቶችና ወንድሞች ደግሞ አንድ ነገር። ታኮስ አል ፓስቶር የሚባለው በቋሚ ብረት ላይ እየዞረ ሲጠበስ ሻዋርማ ነው የሚመስለው። ዘዴውን ያመጡት ከሊባኖስ የመጡ ስደተኞች ናቸው። ሥጋው ግን አሳማ ነው። ባለቤቴ ሊያዝ አፉን ከፍቶ ነው እጁን የያዝኩት።

የጅሬኗ፦

አላህ ይስጥልኝ እህቴ፣ ወረቀቱን ዛሬውኑ ጻፍኩ። ወንድሜ፣ አንተም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ የት እንብላ? ሬስቶራንት ወይስ መንገድ ላይ? እናቴ ቃሪያና ሚጥሚጣ ትወዳለች፣ በዚያ በኩል ችግር የለም።

የመንቲና ልጅ፦

ለጾም የሚሻለው ገበያና መንገድ ዳር ነው። ኮዮአካን የሚባለው ሰፈር ሂዱ፣ ገበያውም አደባባዩም ደስ ይላል። እዚያም ሆነ ሌላ ሰፈር ምጣድ ፊት የተቀመጠች ሴት ካያችሁ ቁሙ። ምጣዱን ኮማል ይሉታል። ሰማያዊ የበቆሎ ሊጥ በጡጫ ልክ ትቆርሳለች፣ በመዳፏ እያጨበጨበች ትጠፈጥፋለች፣ መሀሉ ላይ የተፈጨ ባቄላ ታደርግና ታጥፈዋለች፣ የነጠላ ጫማ ቅርጽ ይዞ ምጣዱ ላይ ያርፋል። ትላኮዮ ይባላል። ከላይ የተከተፈ ቁልቋል፣ ሽንኩርትና ድንብላል ትነሰንስበታለች። አይቡን ሳትጨምር ቶሎ «ሲን ኬሶ» በያት። ቁልቋሉ እሾሁ ተልጦ የበሰለ ነው፣ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፣ ግን ይጣፍጣል።

ኬሳዲያም አለ፣ ውስጡ ነገር ተደርጎበት የታጠፈ ቶርቲያ ነው። በስሙ አይብ ያለበት ይመስላል፣ ሜክሲኮ ሲቲ ግን ካልጠየቅሽ አይብ ላይጨምሩበት ይችላሉ። የዱባ አበባ ወይም እንጉዳይ ያለበትን እዘዙ፣ በዘይት መሆኑን አረጋግጡ። የተጠበሰ በቆሎም እንደኛው መንገድ ዳር ይሸጣል፣ ማዮኔዝና አይብ ስለሚቀቡት በሎሚና በበርበሬ ብቻ በያቸው። አቮካዶ እንደ ጅማ ነው፣ በሽ ነው።

ቁጭ ብላችሁ መብላት ስትፈልጉ ሮማና ኮንዴሳ የሚባሉ ሰፈሮች ውስጥ «ቬጋኖ» የሚሉ ቤቶች ሞልተዋል። እሱ ቃል የኛን ጾም በደንብ ይሸፍናል። ዋናው ምግባቸው በእኛ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ነው፣ በዚያ ሰዓት ሰው የበዛበትን ቤት ምረጡ። ጉርሻ ከሂሳቡ 10 እስከ 15 በመቶ ይሰጣል። ውኃ የታሸገ ብቻ።

ሜሪዳ ስትደርሱ ጠረጴዛ ላይ በትንሽ ሳህን የሚመጣው አባኔሮ የሚባል ቃሪያ ነው። እናትሽ ሚጥሚጣ ቢለምዱም መጀመሪያ በማንኪያ ጫፍ ይቅመሱት።

አንድ ቀን ደግሞ ታኅሣሥ 15 ነው፣ የእነሱ የገና ዋዜማ። ብዙ ቤት በጊዜ ይዘጋል፣ በነጋታውም እንደዚያው። ቀደም ብላችሁ ፍራፍሬና ቶርቲያ ገዝታችሁ ክፍላችሁ አስቀምጡ።

ቡና ወዳዷ፦

እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እናትሽን ሜክሲኮ ሲቲ ወዳለው የጉዋዳሉፔ ባሲሊካ፣ ትልቁ የማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ውሰጃቸው። እመቤታችን ታየችው የሚባለው የሁዋን ዲየጎ ካባ፣ ሥዕሏ ያለበት፣ እዚያ ነው ያለው፣ ሰው እንዳይጨናነቅ ከሥሩ በሚንቀሳቀስ መተላለፊያ ላይ ቆሞ ያልፋል። በዓሏ የሚከበረው በፈረንጅ ዲሴምበር 12 ነው። በአብዛኛው ዓመት በእኛ ታኅሣሥ 3፣ በዓታ ማርያም ላይ ይውላል። እናንተ የምትገቡት ከሕዝቡ ግርግር በኋላ ስለሆነ ተረጋግታችሁ ትሳለማላችሁ። ነጠላው እዚያ ነው የሚያስፈልገው።

ሲወጡ ካፌ ዴ ኦያ አጠጫቸው። በሸክላ ማሰሮ ከቀረፋና ከጥቁር ስኳር ጋር የሚፈላ ቡና ነው፣ ወተት የለውም።

የጅሬኗ፦

ገለቶማ፣ ሁላችሁም። የበዓታውን ለእናቴ ሳነብላት ዝም ብላ ተነሥታ ከሣጥኑ ጥለት ያለውን ነጠላዋን አወጣች። ሹራቡን ደግሞ ነገ እንገዛለን፣ ተስማምታለች።